ታንከሩን ከማሸትህ በፊት

ያን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ከእጅህ አስቀምጠው ወንድምዓለም። ኦሞውንም ወደ ቤት መልሰው። ሞተሯን ገና ሳትጠግባት ታንከሯ ላይ ያ ክብ ክብ ጭረት ሲወጣባት ማንም ይከፋዋል፤ ደክመህ ያፈራኸው ንብረት ነው። ግን በሽቦ የሚጠፋ ጭረት የለም። ሽቦ ፀሐይ ላይ ብቻ ይታይ የነበረውን ጭረት ጥላ ውስጥም እንዲታይ ያደርግልሃል፤ ሌላ ሥራ የለውም። አንተ ሥራ፣ እኔ ከኋላህ ሆኜ እያየሁ ልንገርህ። ኮምቦልቻ ቀለም ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ታንከር በእጄ አልፏል፤ በአደጋ ከተጎዱት ይልቅ በጽዳት የተጎዱት ይበዙ ነበር።

መጀመሪያ የምታሸውን ነገር እወቀው። ከፋብሪካ የወጣ ታንከር ቆርቆሮው ላይ ዝገት የሚከላከል ቀለም አለበት፤ ከዚያ ላይ ይኼ የምታየው ቀይ ወይም ጥቁር ቀለም ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ቀለም አልባ ሽፋን ይደረብበታል። የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። የሁሉም ውፍረት ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ማለት ነው። ክሊሩ ለብቻው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከራስህ ላይ አንድ ፀጉር ንቀልና በጣቶችህ መሃል አሽከርክረው፤ ክሊሩ ብዙውን ጊዜ ከእሱም ይቀጥናል።

ይኼን የምነግርህ ለምን መሰለህ? ጭረት አጠፋሁ የሚል ሰው ጭረቱን አልሞላውም። በዙሪያው ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ አውርዶ ነው እኩል ያደረገው። እና ባሸህ ቁጥር ከዚያች ስስ ሽፋን ትቀንሳለህ፤ የወሰድከው አይመለስም። ስለዚህ ዋናው ጥበብ ማሸት ማወቅ ሳይሆን ጥቂት ማሸት ነው። ክሊሩ ያለቀበት ታንከር እዚህ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት በጋ አይቆይም፤ ነጭ ነጭ ይልና መላላጥ ይጀምራል።

አሁን አቧራውን እየው፤ በጣትህ ሳትነካው እየው። እኛ አገር አቧራ እንደ ዱቄት ልም ይመስላል እንጂ ውስጡ ሌላ ነው። ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የመቅደላ አምባ የቆመበት ጥቁር ድንጋይና አንተ ከመካነ ሰላም ወደየቀበሌው ስትወጣ የምትነዳበት ኮረኮንች አንድ ዘር ናቸው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የረጋበት ነው። የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት በሞህስ ሚዛን መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። በጥቁር ድንጋያችን ውስጥ ያለው ፌልድስፓር 6 ይደርሳል፤ ኦሊቪን የሚሉት አረንጓዴ ቅንጣት ደግሞ ከ6.5 እስከ 7 ነው። መስታወት የሚጭር አቧራ ክሊርን ምን ያደርገዋል?

ክብ ክቡ ጭረት የመጣው ከዚያ ነው። ከገጠር ተመልሰህ ቡና ቤቱ በር ላይ ታቆማትና በሻርፕህ ጫፍ ጠረግ ጠረግ ታደርጋታለህ። ለጁምዓ ወይም ለሰንበት ስትወጣ ደግሞ ከኮርቻዋ ሥር የሚኖረውን ያን ዘይት የነካ ጨርቅ ታወጣለህ። ሞተሯ ለጊዜው ታበራለች። ጨርቁ ግን በየዙሩ ድንጋይ ይዞ ነው የዞረው። ፀሐይ ሲያርፍበት ጭረቶቹ በብርሃኑ ዙሪያ ክብ የሠሩ የሚመስሉት ብርሃኑን ወደ ዓይንህ የሚመልሱት በአንድ አቅጣጫ የተኙት ብቻ ስለሆኑ ነው፤ ራስህን ነቅነቅ ብታደርግ ክቡ አብሮህ ይሄዳል። ሌሎቹም እዚያው አሉ፣ አልታዩህም እንጂ። ደረቅ አቧራ በደረቅ ጨርቅ አይጠረግ። ከምነግርህ ሁሉ አንዱን ብቻ ብትይዝ ይኼን ያዝልኝ።

እጥበቱ ላይ እንቆይ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሞተሯን ጥላ ውስጥ አቁማት፤ ሞተሩም ታንከሩም ይቀዝቅዝ። የጋለ ብረት ላይ ሳሙና ወዲያው ይደርቅና እድፍ ይተዋል። ወንዝ ውስጥ አታስገባት። ከዳር የምትቀዳው ውኃ አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው፣ የምታጥበው ዘይትና ግሪስም ከታች ከብት ወደሚጠጣበት፣ እናቶች ወደሚቀዱበት ይወርዳል። በጀሪካን ንጹሕ ውኃ ቅዳና ቤት እጠባት።

መጀመሪያ ምንም ሳትነካ ከላይ ወደታች ውኃ አፍስስባት። በዝግታ፣ ደጋግመህ። ፓራፋንጎው ሥር የደረቀውን ጭቃ አርጥበህ ተወው፤ ይለስልስ፣ ከዚያ በውኃ ይውረድ። ጭቃን በጥፍር መፈልቀቅ፣ በእንጨት መላጥ የለም። ውኃው ይዞት ሊሄድ የሚችለው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው ጨርቅ የምታነሣው።

ባልዲ ሁለት ያስፈልግሃል። በአንዱ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውኃ የተበረዘ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ። ጨርቁን ሳሙናው ውስጥ ትነክራለህ፣ አንድ ሁለቴ ታስኬዳለህ፣ ከዚያ ንጹሑ ውኃ ውስጥ ታለቀልቀዋለህ፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው። አሸዋው ሁለተኛው ባልዲ ታች ሲተኛ በዓይንህ ታየዋለህ፤ ያ ሁሉ ታንከርህ ላይ ሊዞር የነበረ ነው። የዱቄት ሳሙና የከለከልኩህ ለሁለት ምክንያት ነው። ሳይሟሟ የቀረው ቅንጣት ይጭራል፣ ደግሞም የልብስ እድፍ እንዲያስለቅቅ የተሠራ ኃይለኛ ነገር ስለሆነ የቀባኸውን ሰም ሁሉ ጠራርጎ ያወርደዋል።

ጨርቁ ማይክሮፋይበር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ደሴ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ታገኛለህ፣ ሰው ሲሄድ አስመጣ። ካጣህ ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ፎጣ ይበቃል። ያረጀ ነጠላም ለስላሳ ነው፤ ጥለቱን ግን ቁረጠው፣ የስፌት ጠርዝ ያለውንም አስወግድ። ከታንከሩ ጀምር፣ ወደ ጎን ክዳኖቹ ውረድ፤ ጎማውና ሰንሰለቱ መጨረሻ፣ ለእነሱ ሌላ ጨርቅ። በክብ አታሽ። ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ባለ መስመር ሂድ፤ አንድ ቅንጣት ቢያመልጥህ እንኳ አንድ ስስ መስመር ይተዋል እንጂ ከየትኛውም ማዕዘን የሚታይ ክብ አይሆንም። ጨርቁ መሬት ከወደቀ አራግፈህ እንዳትመልሰው። ለጎማው አድርገውና ሌላ አንሣ።

ስታደርቃትም አታሽ። ፎጣውን ዘርግተህ ጣል አድርግበት፣ ጫን በልና አንሣው፤ ውኃውን ይጠጣል።

አሁን ታጥባ ደርቃለች፤ ጭረቱን እንመርምር። የስልክህን መብራት አብራና በጎን ያዝበት። ጥቂት ውኃ በጣትህ ንካና ጭረቱ ላይ አድርግ። ውኃው ሲያርፍበት ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ ክሊሩ ላይ የቀረ ጭረት ነው፤ ተስፋ አለው። ቀጥለህ ጥፍርህን አቋርጠህ በቀስታ ጎትተው። ጥፍርህ ካልያዘው በፖሊሽ ይወጣል ወይም ይደበዝዛል። ጥፍርህን ከያዘው ክሊሩን አልፏል ማለት ይቻላል፤ ያን ለማጥፋት ብለህ ብታሽ ዙሪያውን ጨርሰህ ጭረቱ ይቀርሃል። በስተግራ ያለችው ረጅሟ፣ ባለፈው ጆንያ ስትጭን የመጣችው፣ አየሃት? ጥፍር ትይዛለች። እሷን በፖሊሽ አንነካትም።

አንድ ሌላ ፈተና አለ፣ በተለይ አሮጌ ሞተር ለሚገዛ ሰው። በነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ በማይታይ ቦታ አሸት አድርግ። ጨርቁ የታንከሩን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፤ ወይ ጋራዥ ውስጥ በዱኮ የተቀባ ነው፣ ወይ ከመጀመሪያውም አንድ ንብርብር ብቻ ነው። በየወረዳው ግብርና ቢሮ እያገለገሉ ካረጁት ያማሃዎች መካከል ደጋግመው የተቀቡ ብዙ አሉ። እነሱም በፖሊሽ ያምራሉ፣ ግን የሚሄደው ቀለሙ ራሱ ስለሆነ እጅህን ከወትሮው ግማሽ አቅልል።

ወደ ማሸቱ እንምጣ። የመኪና ዕቃ ቤት ሁለት ነገር ያሳዩሃል፦ ሻካራው ኮምፓውንድ ነው፣ ልሙ ፖሊሽ። ሻጩ ኮምፓውንዱን ሊሰጥህ ይፈልጋል፣ ቶሎ ስለሚያሳይ። አንተ ልሙን ውሰድ። ሁልጊዜ ከልሙ ነው የሚጀመረው፤ እሱ ካልቻለ ብቻ ወደ ሻካራው ይኬዳል፣ በሻካራው የሠሩትም ተመልሶ በልሙ ይዘጋል። ውስጣቸው ያለው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚባል እጅግ የላመ ዱቄት ነው፤ በሞህስ ሚዛን 9 ነው፣ ከአቧራችንም ይበልጣል። ልዩነቱ ቅንጣቱ እኩልና ደቃቅ መሆኑ ነው።

አርማው ያለበትን ተለጣፊ፣ የፕላስቲኩን ጠርዝ፣ የነዳጅ ክዳኑን ዙሪያ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ተለጣፊው በክሊር ካልተሸፈነ ፖሊሹ ቀለሙን ይበላዋል። ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ፖሊሽ ከነካ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ ማስለቀቁም ያስቸግራል። ቀለሙ ከፋብሪካ የማያብረቀርቅ፣ ደብዛዛ ሆኖ የተሠራ ከሆነ ጨርሶ ፖሊሽ አይነካውም፤ ያሸኸው ቦታ ብቻ አብረቅርቆ ይቀራል።

ለስላሳ ስፖንጅ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ፖሊሽ አድርግ። የመዳፍህን ሁለት እጥፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ያዝ፤ መጀመሪያ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ከላይ ወደታች፣ አቋርጠህ፣ በእኩል ግፊት። ፖሊሹ ስስ ዘይት እስኪመስል ድረስ ሂድና በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። መብራቱን አምጣ፣ እይ። ከተሻለ አንድ ጊዜ ድገም። ፍጹም እስኪሆን አትጠብቅ፤ ጭረቱ ከሁለት እርምጃ ርቀት ካልታየ ሥራው አልቋል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ክሊር አስቀርለት።

ጎረቤት ያለው ልጅ በመሰርሰሪያ ላይ ስፖንጅ ገጥሜ በአምስት ደቂቃ እጨርስልሃለሁ ብሎህ ይሆናል። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ግን እምቢ በለው። መሰርሰሪያ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከርና ቀለሙን ያግለዋል፤ የጋለ ክሊር ይለሰልሳል፣ ይቃጠላል። የሞተር ታንከር ደግሞ እንደ መኪና ጣሪያ ሜዳ አይደለም፤ ሁሉም ነገሩ ጉብታና ጠርዝ ነው። ቀለም ሲቀባ ከጠርዝ ላይ ስለሚሸሽ ጠርዙ ሁልጊዜ ስስ ነው። ስፖንጁ መጀመሪያ የሚበላውም ጠርዙን ነው። ወደ ቀለም ቤታችን የመጡት፣ ጠርዛቸው እስከ ታችኛው ቀለም የተገለጠ ታንከሮች ታሪካቸው አንድ ዓይነት ነበር። ብርጭቆ ወረቀትም እንዲሁ። 2000 ወይም 3000 ቁጥር በውኃ እየተነከረ የሚሠራበት ብልሃት አለ፤ ያ ግን የለመደ እጅ ሥራ ነው። የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት ታንከር አጠገብ እንዳይደርስ።

የጥርስ ሳሙና ይሉሃል። ጥርስ የሚፍቅ ሻካራ ነገር ስላለው ቀላል ጭረት ያደበዝዛል፤ ግን ቅንጣቱ ለቀለም ተብሎ የተለካ ስላልሆነ እንዴት እንደሚተወው አታውቅም። አመድ ለምጣድና ለድስት ይሁን። ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት የሚቀባውን ደግሞ አትከተለው። ዘይት ጭረቱን ለአንድ ቀን ይሸፍነዋል፣ እውነት ነው ታበራለች፤ ከአቀስታ መንገድ አንዴ ደርሰህ ስትመለስ ግን አቧራው በሙሉ ተጣብቆባት ነው የምትገባው። ከዚያ ትጠርገዋለህ፣ ጭረቱም ይጨምራል። አሁን ያስቸገረህ ክብ ክቡ ጭረት ግማሹ ከዚሁ ልማድ የመጣ ይመስለኛል።

ወደዚያች ጥፍር ወደምትይዘው ጭረት እንመለስ። የሚያሳስበኝ መልኳ አይደለም፤ ቆርቆሮው ከታየ ክረምት ሲገባ ዝገቱ ነው። ዝገት ከጀመረ በቀለሙ ሥር እየገባ ያብጣል፣ ከዚያ በጭረት የጀመረው በመዳፍ ስፋት ይላላጣል። በአልኮል በተነከረ ጥጥ አጽዳት፣ ይድረቅ። ብረት ካየህ ጸረ ዝገት ቀለም በስንጥር ጫፍ፣ ጭረቷ ውስጥ ብቻ። ሲደርቅ ቀለሙን እንዲሁ በስንጥር፣ ስስ አድርገህ፣ እያደረቅህ ደጋግም። ወፍራም ጠብታ አታድርግባት፤ ከላይ ይደርቅና ከሥር እርጥብ ይቀራል። ቀለሙን እስክታገኝ ድረስ የእኔን ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ውሰድና ዝናብ እንዳይገባባት ሸፍናት። ለጊዜው ነው። ከነዳጅ አፉ አጠገብ ግን አትጠቀምበት፣ ቤንዚን ሲንጠባጠብበት አይበረክትም። ጭረቷ ትታያለች፤ ትታይ። የማትዝግ ጭረት ከተፋቀ ታንከር ትሻላለች፣ ሞተር መግዛት የሚያውቅ ሰውም የሚሸሸው የተፋቀውን ነው።

ሲያልቅ ሰም ቀባት። መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ነው ያለችው። በየ1000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብርድ ብርድ ስለሚለን አይታወቀንም እንጂ ቀለም ይቃጠላል። እማማ ጠጁን ስታጣራ የምታወጣውን ሰፈፍ ልቀባው እንዳትል። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል፤ ጥቁር ታንከር ቀትር ላይ ሲግል ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል። ለመኪና የሚሸጡት ጥሩዎቹ ሰሞች ካርናውባ ያለባቸው ናቸው፤ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው፣ እስከ 82 ዲግሪ አይቀልጥም። ስስ አድርገህ ቀባ፣ ሲደበዝዝ ጥረግ። ክረምት ሳይገባ አንዴ፣ ከክረምት በኋላ አንዴ፣ በበጋው መሃል ከቻልክ።

ቁልፍህን ደግሞ አየሁት። የቤቱ፣ የሱቁ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ሁሉ አንድ ላይ ተንጠልጥሎ በየጉድጓዱ የመሪውን ሥር ይቀጠቅጠዋል። የሞተሯን ለብቻ አድርገው። የቀበቶህ ዘለበት ታንከሩን እንዳይነካ ጃኬትህን አውርድበት፣ የጃኬቱ ዚፕ ራሱ ብረት ከሆነ ከውስጥ ጨርቅ አድርግ። ጀሪካንና ጆንያ በከመነዳሪ ስታስር ከሥር ወፍራም ጨርቅ ጣል፤ ጎማው አይጭርም፣ ከሥሩ የሚገባው አሸዋ ነው የሚጭረው። ያ የገዛኸው የቆዳ ታንከር ልብስም እንዲሁ ነው። ያምራል፣ ግን አቧራው ከሥሩ ገብቶ በየመንገጫገጩ ሲያሽ ይውላል፤ ዝናብ ሲገባም ውኃ ይይዛል። ታለብሳት እንደሆነ በየሳምንቱ አውልቀህ እጠበው፣ ካልቻልክ አውጣው። ማታ ሸራ ስትጥልባትም ንፋስ እንዳያንቀሳቅሰው እሰረው፣ አቧራ ባለባት ሞተር ላይም ሸራ አትጣል።

በል፣ ዛሬ የምታደርገው ይኼ ብቻ ነው፦ ውኃ ቅዳ፣ እጠባት፣ አድርቃት፣ በስልክህ መብራት ጭረቶቹን ለይ። ፖሊሹንና ሁለት ጨርቅ ቅዳሜ ገበያ ደሴ የሚወርድ ሰው ስታገኝ አስመጣ። እስከዚያ ድረስ ያን የኮርቻ ሥር ጨርቅ ለእኔ ስጠኝ፤ እኔው እጥለዋለሁ።